ሐኪሙን በልብስ ማጠቢያ የመዘገበችው ብርቄ

ብርቄ ሥዩምን የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር ያደረጋት የወንዶቹ ፍርሃት ነው። በ1975 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ፣ አሰላ ዳርቻ ባለች አንዲት ሆስፒታል (ስሟን ብንተወው ለሁላችንም ይሻላል) ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ተሰብስቦ አዲስ ሊቀመንበር ምረጡ ተባለ። ከዚያ በፊት ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ከርቸሌ ነው፤ ሌላው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፣ የሚጠይቅም የለም። ዘበኞቹ ጫማቸውን ያያሉ። ቁስል አሻጊዎቹ ድሬሰሮች የጣሪያውን ቆርቆሮ ይቆጥራሉ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ድንገት ሳል ያዘው፤ ባሳለ ቁጥር ደግሞ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ይጠጋል። በመጨረሻ አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ «ለምን ሴት አንመርጥም? የሴቶች ተሳትፎ ይባል የለ እንዴ!» አለ። ጭብጨባው አዳራሹን ሊያፈርሰው ደረሰ። ብርቄ ያን ጊዜ የልብስ ማጠቢያውን ቦይለር ልታይ ወጣ ብላ ነበር። ስትመለስ ሹመቱ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

«ምን አድርጌያችሁ ነው?» ነው ያለችው አሉ።

አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። የሲሬ ልጅ ናት፤ አያቷ ከመንዝ በወታደርነት መጥተው እዚያው መሬት ይዘው የቀሩ። በአሥራ አምስት ዓመቷ ለአንድ እህል ነጋዴ ተዳረች። ሰውየው እህል መስፈሩን እንጂ ቃል መጠበቁን አያውቅበትም፤ ሁለተኛ ሚስት ሲያመጣ ብርቄ ገብስ በጫነ መኪና ላይ ወጥታ አሰላ ገባች። ሆስፒታሏ አጣቢ ትፈልግ ነበር፤ ገባች። ሃያ ዓመት ሙሉ የአርሲን ሰው ደም፣ መግልና እንሽርት ውኃ ከአንሶላ ላይ ስታስለቅቅ ኖረች። ከተማው ውስጥ ማን ምን እንደታመመ ከሐኪሙ ቀጥላ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ አንዳንዴም ቀድማ። አፏ ግን እንደ መቃብር ነው። ለእኛ ወሬ ለምንወደው ሰዎች ይህ ትልቅ ጉዳት ነበር።

አንድ ጥፋት አለባት፦ የተጻፈ ነገር ታምናለች። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት፣ በአርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ዘግይቶ ፊደል የገባው ሰው ዘግይቶ እንዳገባ ሰው ነው፤ አይጠግብም። የሳሙና ካርቶን ታነባለች፣ የግድግዳ መፈክር ታነባለች፣ የበረኪና ጀሪካን ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ቆማ ትወጣዋለች። ሊቀመንበር ስትሆን ደግሞ ማኅበሩ ከሆስፒታሉ ጋር የተፈራረመውን የኅብረት ስምምነት አውጥታ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ከዚያ በፊት ያነበበው ሰው አልነበረም፤ የፈረሙትን ጨምሮ።

አንብባ ደነገጠች። «ይኼ ሁሉ ተጽፎ ሳይፈጸም ከቆየ፣ ነገ ‘ለምን አላስፈጸምሽም?’ ብለው የሚይዙት ማንን ነው?» አለች። እሷን ነው። በፍርሃት ተነሥታ አንቀጽ በአንቀጽ አስፈጸመችው። አስተዳዳሪው አቶ ካሣዬ ቢሮ ጧት ትገባለች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ ታሳርፋለች፣ እስኪፈርሙ አትነሣም። በስድስት ወር ውስጥ አጣቢዎቹ የላስቲክ ቦት ጫማና በወር ሁለት ሳሙና፣ ዘበኞቹ ካፖርት፣ የሌሊት ተረኞች ከወጥ ቤት አንድ ምግብ አገኙ። በሥራ ምክንያት የታመመ ሠራተኛም ሦስት ወር ደመወዙ ሳይቆረጥ፣ ቦታው ሳይነካ እንዲተኛ ሆነ። የሷ ፍርሃት ያመጣውን የሌሎቹ ድፍረት አምጥቶት አያውቅም።

ይህ ሁሉ ያልደረሳቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሬዚደንት ይባላሉ፦ የሕክምና ትምህርት ጨርሰው ዶክተር ከተባሉ በኋላ ስፔሻሊስት ለመሆን እንደገና ተማሪ የሆኑ፤ ሥራ ላይ እንዲማሩ ከአዲስ አበባ ለአንድ ዓመት የተላኩ። ሌሊት ሆድ ይከፍታሉ፣ ያዋልዳሉ፣ ስብራት ይጠግናሉ፤ ሲነጋ ተማሪ ይባላሉ። የሚሰጣቸው ደመወዝ አይባልም፣ የኪስ ገንዘብ ነው፤ ኪስ ሳይደርስ ያልቃል። ቤት ስላልነበራቸው ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ የቦይለሩ ሙቀት በግድግዳ የሚያልፍባት አንድ ክፍል ተሰጠቻቸው። የአሰላን ብርድ ለሚያውቅ ያቺ ክፍል ከፎቅ ቤት ትበልጣለች።

ከሦስቱ አንዱ ዶክተር አሰግድ ነበር። የአቦምሳ ልጅ፤ ቀጭን፣ ሣቂታ፣ እናቱ ወይዘሮ ተሻለች በሚልክላት የምትኖር። አንድ የየካቲት ጧት፣ ሠላሳ ሰዓት ቆሞ ከሠራ በኋላ፣ ማጠቢያው በር ላይ ቁጢጥ ብሎ ብርቄ አገኘችው።

«ምነው ዶክተር፣ ፊትህ አመድ መሰለ።»

«ርቦኝ ነው እትዬ ብርቄ። ወጥ ቤት ሄጄ ነበር። ‘ስምዎ የለም’ አሉኝ። ዘበኛው አጠገቤ ሽሮውን እየበላ ‘እንብላ ዶክተር’ አለኝ፤ አፍሬ ‘ጠግቤያለሁ’ አልኩ።»

«ለምን ስምህ አይኖርም?»

«የማኅበር አባል አይደለሁማ። አባል ልሁን ብል ተማሪ ነህ ይሉኛል። አዲስ አበባ ላለው መምህሬ ምግብ ብዬ ብጽፍ ደግሞ ሐኪም ነህ፣ ሐኪም አይርበውም ይለኛል።»

አብራት የምታጥበው ሀሊሜ ከበርሜሉ ላይ ቀና አለች። ሀሊሜ የጢቾ ልጅ ናት፤ ኦሮምኛና አማርኛውን እንደ አንሶላና ትራስ ጨርቅ በአንድ ላይ የምትዘፈዝፍ። «ያ ረቢ! ሌሊቱን ሰው ሲሰፋ ያደረ ሳይበላ፣ በር ሲጠብቅ የተኛ በልቶ? አንቺ ሊቀመንበር አይደለሽም እንዴ? ምን ትሠሪያለሽ፣ ወንበር ታሞቂያለሽ?»

ብርቄ መዝገቧን አመጣች። ከበላይ የመጣው የአባላት መዝገብ ላይ ክፍሎቹ በማተሚያ ቤት ታትመዋል፦ ጥበቃ፣ ወጥ ቤት፣ ጽዳት፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ካርድ ክፍል፣ ነርስና ድሬሰር። ሐኪም የሚል የለም። ትልልቆቹ ሐኪሞች ከአጣቢ ጋር በአንድ መዝገብ መግባት ስለማይወዱ ጠይቀው አያውቁም፤ ያዘጋጀውም አላሰባቸውም። ብርቄ ገጹን ላይ ታች አለችበት። ከዚያ ቀበሌ ትዝ አላት። ቀበሌ ሰውን የሚመዘግበው ምን ትሠራለህ ብሎ ነው? አይደለም። የት ታድራለህ ብሎ ነው። የስኳር ደብተሯ፣ መታወቂያዋ፣ የስብሰባ ጥሪዋ፣ ሁሉም የመጣው በምታድርበት ቤት ነው። ማኅበርስ ከቀበሌ በምን ይለያል?

«የት ታድራለህ?» አለችው።

«እዚሁ ነዋ፣ ከግድግዳው ጀርባ።»

«አለቀ። ልብስ ማጠቢያ።» በዚያ ዘግይቶ በመጣ ጽሕፈቷ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ጻፈችው፦ አሰግድ ወንድማገኝ፤ ክፍል፣ ልብስ ማጠቢያ። ፈረመ። የዚያን ቀን ማታ ሽሮ በላ። ሌሎቹ ሁለቱ ሬዚደንቶች በነገሩ ሣቁና «እኛ አጣቢ አንባልም» ብለው ቀሩ። ሁለት ሳምንት ሣቁ፤ በሦስተኛው የአሰግድን ዳቦ ለሦስት መካፈል ጀመሩ።

በግንቦት መጨረሻ አሰግድ አንድ ጉበቱ የታመመ ሰው ቀዶ ሲሰፋ መርፌው ጓንቱን አልፎ ጣቱን ወጋው። ሐምሌ ሲገባ ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ሐኪሞቹ በፈረንጅኛ ስም ጠሩት፤ አጣቢዎቹ ገና በሩ ላይ ሲያዩት «የወፍ በሽታ!» አሉ፤ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ሕክምናው መተኛት ብቻ ነው፤ ሁለት ወር፣ ምናልባት ሦስት። ሀሊሜ በቅቤ የራሰ የገብስ ጪኮ ይዛለት ብትመጣ፣ «ቅቤ እንዳታሳዩኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ቅቤ የጠላ ሰው ሊሞት ነው» ብላ ውጭ አለቀሰች።

አዲስ አበባ ካለው የሕክምና ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። ከሠላሳ ቀን በላይ ከሥራ የተለየ ተማሪ የኪስ ገንዘቡ ይቆማል፤ የትምህርት ቦታውም ለተጠባባቂ ይሰጣል ይላል። አቶ ካሣዬ ደብዳቤውን በአንድ እጃቸው፣ የማኅበሩን መዝገብ በሌላው ይዘው አዩ። አባል ነው። አባል ከሆነ በሥራ ላይ የታመመ ሠራተኛ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ክፍያ፣ ቦታውም የማይነካ። የትኛው ክፍል እንደተጻፈ አይተውት ይሁን ሳያዩት እግዜር ይወቅ፤ ብቻ መነጽራቸውን አውልቀው ‘ክፍያው ይቀጥል፣ ቦታውም ይጠበቅ’ ብለው ፈረሙ። ወይዘሮ ተሻለች ከአቦምሳ መጥታ ልጇ አልጋ ሥር ሰሌን ዘርግታ ተቀመጠች።

አሥረኛው የአብዮት በዓል እየቀረበ ነበር። አገሩ ሁሉ ይቀባል፣ ይጠረጋል፣ ይቆጠራል። በሐምሌ አጋማሽ ለብርቄ ማኅተም ያለበት ወረቀት ደረሳት፦ በመጪው ማክሰኞ የአባላት ማጣራት ይካሄዳል፤ እያንዳንዱ አባል በሥራ ክፍሉ በአካል ይገኝ፤ ወደ ማኅበሩ ሰርጎ የገባና ያስገባ በአብዮታዊ እርምጃ ይጠየቃል።

«ያስገባ» የሚለው ላይ ጣቷ ቆመ። ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ብርቄ ሰው አልነበረችም። የታጠበ አንሶላ መልሳ ታጥባለች። መኪና በሩ ላይ ሲቆም ሽንት ቤት ትሮጣለች፤ ሰው ተቅማጥ ያዛት አለ። ዝናቡ አያቋርጥም፣ የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ሳምንት ሙሉ አልታየም፣ አንሶላው አይደርቅም፤ እሷ ደግሞ እርጥቡ አንሶላ መሐል ቆማ ከራሷ ጋር ታወራለች።

«ገጹን ቅደጂው» አለች ሀሊሜ።

«ገጹ ቁጥር አለው። ማኅተም አለው።»

«ውኃ ፈሰሰበት በይ። እኛ ውኃ አጥተን እናውቃለን?»

«አንድ ገጽ ብቻ መርጦ የሚፈስ ውኃ አለ?»

«እንግዲያው ሰርዢው። ራስሽን ጎርፍ እየወሰደሽ ሌላ ሰው ታድኚያለሽ? አንቺ ብትታሰሪ ማን ስንቅ ያመላልሳል? እኔ ስምንት ልጅ አለኝ፣ ከአሁኑ ልንገርሽ።»

ሰኞ ዕለት እስክሪብቶና መዝገቧን በነጠላዋ ሸፍና አሰግድ ወደተኛበት ክፍል ሄደች። ፊቷን ሲያይ ገባው።

«ሰርዙኝ እትዬ ብርቄ። ሰምቻለሁ። በእኔ ምክንያት እንዳይነኩ።»

«ብሰርዝህ ምን ትሆናለህ?»

«የኪስ ገንዘቡ ይቆማል። ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል። ያው… ሐኪም ነኝ፣ የትም ጤና ጣቢያ ይመድቡኛል።» ሊሥቅ ሞከረ፤ ቢጫ ሣቅ ሆነ።

«በዚህ ጉበትህ?»

ወይዘሮ ተሻለች ሰሌኗ ላይ ሆና ሁለቱን ታያለች። ምንም አልገባትም፤ ብርቄ ልጇን ልትጠይቅ እንደመጣች ነው ያወቀችው። ተነሥታ የብርቄን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። «እሜቴ፣ ልጄን በሰው አገር እናት ሆነሽለታል አሉኝ። እመብርሃን ውለታሽን ትክፈልሽ።» ብርቄ ሴትዮዋን ከመሬት ለማንሣት እጇን ስትሰድ እስክሪብቶው ከነጠላዋ ውስጥ ወድቆ ከአልጋው ሥር ገባ። ፈልጌ ላውጣልሽ ብትላት፣ «ተይው፣ ቀለሙም አልቋል» ብላ ወጣች። ቀለሙ አላለቀም ነበር። ያን ሌሊት ልብስ ቋጠረች፦ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሹራብ፣ በሶ። ከርቸሌ እንደሚቀዘቅዝ ሰምታለች።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ አጣሪው ጓድ ወልደጻድቅ መጡ። ካኪ የለበሱ፣ ዝናብ የመታቸው፣ ቦርሳቸውን ከደረታቸው ያስጠጉ ሰው ናቸው። ጥበቃን ቆጠሩ፤ ሞላ። ወጥ ቤትን ቆጠሩ፤ ሞላ። ልብስ ማጠቢያ ደረሱ። አምስት ሴቶች በላስቲክ ቦት ተሰልፈዋል።

«ስድስት ይላል። አሰግድ ወንድማገኝ!»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አሰግድ ወንድማገኝ የለም?»

«ታሟል፣ ጓድ» አለች ሀሊሜ።

«ወንድ አጣቢ ነው?»

«ወንድ ነው፣ ጓድ። ወንድነቱን እንኳ አንጠራጠርም።»

አጣቢዎቹ ሣቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ብርቄ አልሣቀችም። ጓድ ወልደጻድቅ የታመመውን ላየው አሉ። በኮሪደሩ እሷ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ ቦቷ ጭልቅ ጭልቅ እያለ ሄዱ። አልጋው ላይ የተሰቀለው ካርድ ዶክተር አሰግድ ወንድማገኝ ይላል። ጓዱ አነበቡት። መዝገቡን አዩ። መልሰው ካርዱን አነበቡት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ሐኪም ነው።»

«አዎ ጓድ።»

«አጣቢ ብለሽ መዝግበሻል።»

«አጣቢ አላልኩም፣ ጓድ። ልብስ ማጠቢያ ነው ያልኩት። የሚያድረው እዚያ ነው።» ጣቷን እሳቸው በያዙት መዝገብ ላይ አሳረፈች። «ቀበሌ እኔን በማድርበት ነው የመዘገበኝ። እዚህ ወረቀት ላይ ሐኪም የሚል ቢኖር ሐኪም ብዬ እጽፈው ነበር። ተማሪ እንዳልል፣ ተማሪ ሌሊት ሰው ሆድ ውስጥ እጁን አይከትም። የት ላስገባው? ንገሩኝና አሁኑኑ ላስተካክል። ሠራተኛ ነው ወይስ አይደለም?»

ጓድ ወልደጻድቅ መዝገቡን እንደገና ገለጡ።

ብርቄ ይህን ያለችው በየዋህነት ነው፤ ተንኮል ቢሆንማ ይህን ያህል አያምርም ነበር። ጥያቄው ግን እሳቸው ላይ ወደቀ። ሐኪም ሠራተኛ ነው ቢሉ፣ ነገ ‘ንዑስ ከበርቴውን ወዛደር ያደረገ ማን ነው?’ ይባላሉ። ሠራተኛ አይደለም ቢሉ ደግሞ፣ ‘ሌሊት የሚሠራውን ከሠራተኛው የለየ ማን ነው?’ ይባላሉ። በዓሉ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። በዚያ ሰሞን ከራሱ መልስ የሰጠ ሰው ዕድሜ ያጥራል። ከካኪው አንገት ሥር ላብ ሲወጣ ወይዘሮ ተሻለች አይታ፣ «አባቴ፣ እርስዎንም አሞዎታል እንዴ? ልጄ ይይዎት» አለቻቸው።

«ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ» አሉ ጓዱ።

በማግስቱ ያ አዳራሽ ሞላ። ሂስና ግለ ሂስ ተባለ። ልማዱ ይታወቃል፤ ጥፋተኛው ተነሥቶ ራሱን ይወቅሳል፣ ከዚያ ሌላው እየተነሣ ይጨምርበታል፤ መጀመሪያ ያልጨመረ በኋላ ይጨመርበታል። ብርቄ ቋጠሮዋን ወንበሯ ሥር አድርጋ ተነሣች።

«ራሴን እወቅሳለሁ» አለች። «ሳልጠይቅ ሐኪም መዝግቤያለሁ። ጥፋት ነው።» እዚህ ላይ ብትቀመጥ ምናልባት ማስጠንቀቂያ ብቻ ይበቃት ነበር። «ደግሞ አንዱን መዝግቤ ሁለቱን ትቻለሁ። እነሱም ሌሊት ይሠራሉ። አንድ ዳቦ ለሦስት ሲካፈሉ እያየሁ፣ ለራሳቸው ሣቁ ብዬ ዝም አልኩ። ይሄኛው ከፊተኛው ይብሳል። ራሴን እወቅሳለሁ።»

ከዚያ የሌሎቹ ሂስ ተጠየቀ። ማንም አልተነሣም። በኋላ አንዱ ዘበኛ፣ ያ «እንብላ» ያለው፣ ካፖርቱን እያስተካከለ ተነሣ። «እኔም ራሴን እሂሳለሁ፣ ጓዶች። እንብላ አልኩት እንጂ ሳህኑን አልገፋሁለትም።» ሰዉ ሣቀ፤ ጓድ ወልደጻድቅ ጠረጴዛውን ቢመቱም ሣቁ አልቆመም።

የውሳኔው ወረቀት እስከ ዛሬ በቃል ይነገራል፦ በሥራ ላይ እያሉ የሚማሩ ሐኪሞች ሠራተኛ መሆን አለመሆናቸው ለበላይ አካል ቀርቦ እንዲጠና፤ እስኪጠና ድረስ የተመዘገበው ባለበት እንዲቆይ፤ ጥፋት የፈጸመችው ሊቀመንበር ከኃላፊነቷ እንድትነሣ።

ባለበት ይቆይ! የአሰግድ ክፍያ ባለበት ቆየ፣ ቦታውም ባለበት ቆየ።

ብርቄ ተነሣች፣ አዲስ ሊቀመንበር ይመረጥ ተባለ፣ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሳል ጀመረው። ሦስት ጊዜ ስብሰባ ተጠራ፤ ሦስቱንም ጊዜ ፈቃደኛ አልተገኘም። በመጨረሻ «በጊዜያዊነት» የሚል ቃል ተጨምሮላት ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ሁለቱ ሬዚደንቶችም በዚያ ሳምንት መጥተው በልብስ ማጠቢያ ሥር ፈረሙ፤ ጉዳዩ እየተጠና ስለሆነ ከልካይ አልነበረም።

አሰግድ በመስከረም ማለቂያ ዓይኑ ጠርቶ ተነሣ፤ በኅዳር ወደ አዲስ አበባ ተጠራ። ሊሄድ ሲል ማጠቢያው በር ላይ ቆሞ፣ በሙሉ ድምፁ፣ «እትዬ ብርቄ፣ እድሜ ልኬን አልረሳዎትም! እርስዎ ባይኖሩ…» ብሎ ሲጀምር፣ ብርቄ እርጥብ እጇን አፉ ላይ ከደነችው። በር ላይ የማታውቀው መኪና ቆሟል።

«ቀስ ብለህ ተናገር፣ ልጄ» አለች በሹክሹክታ። «ገና እየተጠና ነው።»